ማውሰንን ያወቅሁት እንዲህ ነው

ዳግላስ ማውሰንን መጀመሪያ ያየሁት ገንዘብ ላይ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ አደላይድ በገባሁ ሰሞን ያስጠጉኝ፣ ለከተማው አበሻ ሁሉ አባት የሆኑ አንድ ጋሼ ነበሩ። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው አውስትራሊያ የገቡ ሰው ናቸው። ቤታቸው በደረስኩ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ምን ልማር እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ጂኦሎጂ ነው፣ ጋሼ።»

«ድንጋዩን?»

«አዎ፣ ድንጋዩን።»

ብድግ ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ተመለሱ። መዝሙረ ዳዊቱ መሐል አንድ የመቶ ዶላር ኖት ተቀምጧል። «ከመጀመሪያ ደመወዜ ያስቀረኋት ናት» አሉኝ። በ1984 ወጥታ፣ በ1996 በፕላስቲኩ ኖት የተተካችው የወረቀት መቶ ዶላር ነበረች። በአንድ በኩል ጆን ቴባት የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ አለ። ጋሼ በጣታቸው ያሳዩኝ ግን በሌላው በኩል ያለውን ነው፤ ከኋላው የአለት ንብርብር የተሳለበት ሰውዬ።

«ይኼ እንዳንቺ የድንጋይ ሰው ነው። አገሩ መቶ ብሩ ላይ አወጣው። እወቂው» አሉኝ።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስማር ስለ ዋልታ አሳሾች የሰማሁት የሦስቱን ነበር፦ የስኮትን፣ የአሙንድሰንን፣ የሻክልተንን። የማውሰን ስም ጆሮዬ አልደረሰም። ጋሼ ግን ሥዕሉን ለሃያ ዓመት ያህል ከዳዊታቸው ጋር ሲያዩት ኖረዋልና እንደ ቤተ ዘመድ ነበር የሚያወሩለት። በማግስቱ ለመመዝገብ ስሄድ ያስገቡኝ ሕንፃ በር ላይ ያው ስም ተጽፎ አየሁ። የጂኦሎጂ ክፍሉ የሚገኝበት ሕንፃ ማውሰን ይባላል።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1882 እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሺር ውስጥ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ይዘውት ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ። ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1902 በማዕድን ምህንድስና ተመረቀ። ምህንድስናውን ጨርሶ ወደ ጂኦሎጂ የሳበው ኤጅዎርዝ ዴቪድ የሚባል መምህር ነው። በ1905 አደላይድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማዕድናትና የአለት ጥናት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። በዓመቱ፣ በኋላ ሬዲየም ሂል ከተባለው ስፍራ የመጣለትን ዩራኒየም ያለበት ጥቁር ማዕድን መረመረና «ዴቪዳይት» ብሎ በመምህሩ ስም ጠራው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከታሪኩ ሁሉ መጀመሪያ ልቤን የነካው ይህ ነው። በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር አግኝቶ ከራስ በፊት መምህርን ማስታወስ ትልቅ አስተዳደግ ይጠይቃል።

ዝናው እንግዲህ ከዚያ ይጀምራል። በ1907 መጨረሻ መምህርና ተማሪ አንድ ላይ ሆነው፣ ኒምሮድ በተባለችው መርከብ ከሻክልተን ጋር ወደ አንታርክቲካ ሄዱ። ዴቪድ ሃምሳ ዓመት እየሞላው ነበር። በመጋቢት 1908 የኤረበስን እሳተ ገሞራ ወጡ፤ ሰው ጫፉ ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ተራራው ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል፤ ከላይ እስከ ታች በረዶ የለበሰ፣ ከአናቱ ግን ጭስ የማይለየው። ማውሰን ከአፋፉ ሆኖ የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት ለካ። ጥልቀቱ 900 ጫማ፣ ስፋቱ ግማሽ ማይል ያህል ሆነ።

ይህን ሳነብ ኤርታ አሌ ትዝ አለኝ። ዓለም ላይ የቀለጠ አለት ኩሬ ለረጅም ዘመን ሳይጠፋ የሚንተከተክባቸው እሳተ ገሞራዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ የእኛው ኤርታ አሌ ነው፤ ሌላው ኤረበስ። አንዱ አፋር ውስጥ፣ ከምድር እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ስፍራዎች አጠገብ፤ ሌላው በምድር መጨረሻ፣ በበረዶ መሐል። ተማሪ ሆነን ኤርታ አሌ የወጣን ሌሊት ፊታችንን እሳቱ ሲለበልበን፣ ጀርባችንን ደግሞ የሌሊቱ ንፋስ ሲመታን ትዝ ይለኛል። አፋፉ ላይ ቆሞ መለኪያ ማውጣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፣ እግር ሥር ያለው ገለፈት ይፈረካከሳል፣ ሁሉም «እንውረድ» ማለት ይጀምራል። ማውሰን በዚያ ብርድ ማዕዘን ለክቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ነው የወረደው።

ከኤረበስ በኋላ ዴቪድና ማውሰን፣ አሊስታየር ማኬይ ከሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጋር ሆነው፣ ጓዛቸውን ያለ ውሻና ያለ ፈረስ በገዛ ትከሻቸው እየጎተቱ ወደ ደቡብ መግነጢሳዊ ዋልታ ተጓዙ። ኮምፓስ ጫፉን ቁልቁል ወደ መሬት የሚደፋበት ስፍራ ማለት ነው። በጥር 16 ቀን 1909 ደረሱ። ደርሶ መልሱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚህ ጉዞ ላይ ስለተፈጸመች አንዲት ነገር ጋሼ ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት። ማውሰን ድንኳን ውስጥ ሆኖ የፎቶግራፍ መስታወቶቹን ይቀይራል፤ ብርሃን ከነካቸው ስለሚበላሹ መውጣት አይችልም። ፕሮፌሰር ዴቪድ ከውጭ «ሥራ ይዘሃል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በጨዋ ድምፅ ይጠይቃል። በመጨረሻ፣ ስላስቸገረው ይቅርታ ጠይቆ፣ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በእጁ ተንጠልጥሎ እንዳለና ብዙ መቆየት እንደማይችል ነገረው። ማውሰን ዘሎ ወጥቶ አወጣው። «ይሉኝታ እዚያም አለ ማለት ነው!» አሉ ጋሼ።

ኖርዝ ቴራስ ከሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የደቡብ አውስትራሊያ ሙዚየም አለ። ማውሰን የራሱ አዳራሽ አለው። እዚያ ከሚታየው ሁሉ ሰው ተሰብስቦ የሚቆመው አንዲት አጭር የእንጨት ስሌጅ ፊት ነው፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች ዕቃ የምትሸከም መጎተቻ ናት። ጠጋ ብዬ አየኋት። ግማሽ ናት። በአንድ ጫፏ እንደ ወትሮው ወደ ላይ የታጠፈ አፍንጫ አላት፤ ሌላው ጫፏ ግን ድንገት ያቆማል። በትንሽ መጋዝ፣ ጉልበት በሌለው እጅ የተቆረጠች ናት። ማውሰን ብቻውን የሚጎትታት እንድትሆንለት ነው የቆረጣት።

ታሪኩ ይህ ነው። ማውሰን ስኮት ወደ አንታርክቲካ አብሮት እንዲሄድ ቢጠይቀው እምቢ ብሎ የራሱን ጉዞ አደራጀ። አውሮራ በምትባል መርከብ በታኅሣሥ 1911 ከሆባርት ተነሥቶ፣ በጥር 1912 ኮመንዌልዝ ቤይ ላይ ኬፕ ዴኒሰን ከተባለው ስፍራ ሰፈረ። ቦታው በባሕር ጠለል ላይ ካሉት ሁሉ ንፋስ የበረታበት እንደሆነ ያወቁት ከሰፈሩበት በኋላ ነው። የዓመቱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አማካዩ ነው እንግዲህ። በኅዳር 1912 ማውሰን ሁለት ሰዎች ይዞ ወደ ምሥራቅ ወጣ። አንዱ ቤልግሬቭ ኒኒስ የሚባል እንግሊዛዊ መቶ አለቃ ነው፤ ሁለተኛው ሐቪየር ሜርትዝ፣ የስዊስ ተወላጅ፣ ሕግ የተማረና በበረዶ መንሸራተት ውድድር ያሸነፈ። ሁለቱም ውሾቹን የሚንከባከቡት ነበሩ።

በታኅሣሥ 14፣ ከሰፈራቸው 500 ኪሎ ሜትር ርቀው ሳሉ፣ ኒኒስ የሄደበት በረዶ ተደረመሰ። እሱ፣ ምርጦቹ ስድስት ውሾች፣ ድንኳኑና አብዛኛው ስንቅ ገደሉ ውስጥ ገቡ። ከአፋፉ ሆነው ሲያዩ ከታች ጠርዝ ላይ አንድ የቆሰለ ውሻ ሲያለቅስ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ የለም። ለሦስት ሰዓት ተጣሩ። የቀራቸው የአንድ ሳምንት ተኩል ምግብ ነው፤ ለውሾቹ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ወደ ረሃቡ ይቸኩላሉ። እኔን ያስቆመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማውሰንና ሜርትዝ ወዲያው ወደ ኋላ አልተመለሱም። ወደፊት ከፍ ወዳለ ስፍራ ሄደው ያሉበትን ቦታና የኮምፓሱን ፍንገጣ ለኩ፤ ከዚያ ወደ ገደሉ አፋፍ ተመልሰው የጸሎቱን ሥርዓት አደረሱ። ጓደኛቸው ሞቶ፣ ስንቃቸው ጠፍቶ፣ የመጡበትን ሥራ ጨርሰው ነው ፊታቸውን ያዞሩት። ይህን ሳነብ ጨካኝነት መስሎ አልታየኝም። ኒኒስ የሞተው ለዚያ ካርታ ነውና፣ ካርታውን ሳይሞሉ መመለስ ሞቱን ከንቱ ማድረግ ይሆን ነበር።

ውሾቹን አንድ በአንድ እያረዱ በሉ። ጠንካራውን ሥጋ ለተረፉት ውሾች ሰጡ፤ ጉበቱ ለስላሳ ስለነበረ ለራሳቸው አደረጉት። ሜርትዝ ቆዳው እየተላጠ፣ አእምሮው እየታወከ ሄዶ በጥር 8 ቀን 1913 ሌሊት አረፈ። በ1969 ሁለት ተመራማሪዎች ገዳዩ በውሻ ጉበት ውስጥ የተከማቸው ቫይታሚን ኤ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። ይህን የማይቀበሉና በረሃቡና በብርዱ ያመካኙም አሉ።

ያን ሰሞን እሑድ እሑድ ደሴ ለእናቴ እደውል ነበር። የሰማሁትን ሁሉ መንገር ልማዴ ስለሆነ ይህንንም ነገርኳት።

«ውሻ?» አለች። ቡናዋን ስታስቀምጥ ስኒው ድምፅ ሰጠ።

«ምን ያድርጉ፣ እማዬ። በረዶ ብቻ ነው ያለው።»

ዝም አለችና፣ «ያ ጓደኛውስ ሲሞትበት ቀበረው? ወይስ እንዲያው ጥሎት ሄደ?» አለች።

«ቀበረው። በበረዶ ጡብ ከለለው፣ ጸሎት አነበበለት። ስሌጇን ሲቆርጣት ከተረፈው እንጨት መስቀል ሠርቶ አቆመለት።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«እንግዲያው ሰው ነው» አለች እናቴ፤ ውሻውን ከዚያ በኋላ አላነሣችም።

በማግስቱ ሙዚየሙ ተመልሼ ሄድኩ። የቀረው ግማሽ የት እንደደረሰ ከእናቴ ጋር እስካወራ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። እዚህ መስታወት ውስጥ ያለው ሰውየውን ወደ ሰፈሩ ያደረሰው ነው፤ ሌላው ወገን መስቀል ሆኖ በረዶ ውስጥ ቀርቷል።

ብቻውን የተጓዘው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሁለት እግሩ ሶል ቆዳ እንዳለ ተነሥቶ ወደቀ፤ በቅባት መልሶ ለጥፎ፣ ካልሲ ደራርቦ አሠረውና መሄዱን ቀጠለ። አንድ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ከስሌጇ ጋር በታሠረበት ገመድ ተንጠለጠለ። ቋጠሮ በቋጠሮ ወጥቶ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጠርዙ ተደርምሶ እንደገና ወደቀ። እንደገና ወጣ። በጥር 29 ሊፈልጉት የወጡ ጓደኞቹ በበረዶ ክምር ላይ ያስቀመጡለትን ምግብ አገኘ፤ እነሱ ከዚያ የሄዱት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። በየካቲት 8 ሰፈሩ ሲደርስ አውሮራ ከጥቂት ሰዓት በፊት መልሕቋን ነቅላ አድማሱ ላይ እየራቀች ነበር። ስድስት ሰዎች ቀርተው ሲጠብቁት ተገኙ። መጀመሪያ ያገኘው ሰው ፊቱን አይቶ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም።

በሬዲዮ መርከቧን ሊመልሷት ሞከሩ፤ ንፋሱ አላስጠጋ አላት። ሌላ አንድ ክረምት እዚያው ከረሙ። መርከቧ የመጣችላቸው በታኅሣሥ 1913 ነው፤ እኛ አገር አፄ ምኒልክ ባረፉበት ወር።

አንድ ቀን ስሌጇ ፊት ቆሜ ማስታወሻ ስጽፍ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ለጎብኝዎች በፈቃደኝነት የሚያስረዱ ሰው ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ በጥቁር ገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ መነጽር አይቼ ወዲያው የሙያችን ሰው እንደሆኑ ገባኝ። ሌላ ሰው ለጌጥ አያንጠለጥላትም።

«ተማሪ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ። ከኢትዮጵያ።»

«ሁሉም ሰው ይህቺ ጋ ይቆማል» አሉ ስሌጇን እያሳዩ። «የሰላሳ ቀን ታሪክ ናት። እኔ የማውቀው የሰላሳ ዓመቱን ነው።»

በ1940ዎቹ መጨረሻ የማውሰን ተማሪ ነበሩ። እግሬ ተሳሰረ። በመጽሐፍና በገንዘብ ላይ ያየሁት ሰው ያስተማራቸው ሰው፣ በሕይወት፣ ፊቴ ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ እሳቸው በሚገኙበት ቀን እየሄድኩ አዳራሹ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። ታሪኩን ለኔ ያዞሩት እሳቸው ናቸው።

ሰላሳ ዓመት ያሉት ፕሮፌሰርነቱን ነው። ማውሰን በ1914 ሲመለስ ከእንግሊዝ ንጉሥ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው፣ ፓኪታ ዴልፕራትን አገባ፣ በዓመቱም የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ። እንዲያ ዓይነት ስም ያወጣ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ስለዚያ ጉዞ እየተናገረ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ገባ። ከ1921 እስከ 1952፣ ሰባ ዓመት እስኪሆነው፣ የጂኦሎጂና የማዕድናት ጥናት ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። በመካከሉ ከ1929 እስከ 1931 ዲስከቨሪ በተባለችው መርከብ ሁለት ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ሄደ፤ አውስትራሊያ እዚያ ያላትን ይዞታ የመሠረተው ይኸው ጉዞ ነው። ሲመለስ ግን የሚመለሰው ወደ ተማሪዎቹ ነው።

ሽማግሌው በኩራት የሚያሳዩኝ የሙዚየሙን ዕቃ አይደለም፤ መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ናቸው። የ1911ዱ ጉዞ ሳይንሳዊ ዘገባ ሃያ ሁለት ቅጽ ነው። የመጨረሻው የወጣው በ1947፣ ከጉዞው መልስ 33 ዓመት ቆይቶ ነው። የንፋሱ ልኬት፣ የመግነጢሱ ልኬት፣ የባሕሩ ትላትል፣ የወፎቹ፣ የአለቱ። ከዚያው ጉዞ አንዱ ቡድን በታኅሣሥ 1912 በረዶ ላይ ያገኘው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ ከሰማይ የወረደ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንታርክቲካ ውስጥ የተገኘ የመጀመሪያው ተወርዋሪ ድንጋይ ነው። ማውሰን ገንዘብ እየለመነ፣ ተመራማሪዎችን እየጎተጎተ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶች መሐል ላይ ገብተውበት፣ ያን ሁሉ አሳተመ። ብዙ አሳሽ ባንዲራ ተክሎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። ያመጣውን ነገር እስከ መጨረሻዋ ጠጠር መርምሮ፣ አስመርምሮ፣ አሳትሞ ያስረከበ ግን ጥቂት ነው። እኔ ለማውሰን ያለኝ ፍቅር ከስንጥቁ በገመድ በመውጣቱ ብቻ አይደለም። ስሌጇ ባትኖርም እወደው ነበር።

ሽማግሌው ስለ ሰውየው ሲያወሩ ድምፃቸው ይወጣል። ቁመቱ ረጅም፣ እርምጃው ሰፊ፤ በስድሳዎቹ ዕድሜው እንኳ ፍሊንደርስ ሬንጅስ የሚባሉት ተራሮች ላይ ወጣቶቹን ጥሏቸው ይሄድ ነበር። ተማሪዎቹን በመኪና ወደዚያ ደረቅ አገር ይዞ ይወጣና ሜዳ ላይ ያሳድራቸዋል። ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ሬጅ ስፕሪግ ነው፤ በ1946 ኤዲያካራ ከተባሉት ኮረብቶች ላይ ለስላሳ አካል ያላቸው ጥንታዊ ፍጥረታት አሻራ ያገኘው። ዛሬ አንድ ሙሉ የምድር ዘመን በዚያ ስፍራ ስም ይጠራል።

«ለመሆኑ ስተርት ሄደሻል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«የቱ ስተርት?»

«ወንዙ ነዋ! እዚሁ ከተማው ጠርዝ ነው። በአውቶቡስ ትሄጃለሽ። ስሌጇን ተያትና ሂጂ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። የስተርት ወንዝ ሸለቆ ከአደላይድ በስተደቡብ፣ የሰው መኖሪያ ቤቶች ከጀርባው ተደርድረው የሚታዩበት ነው። ወደ ታች ወረድኩና አለቱን አጎንብሼ አየሁት። ግራጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የላመ ደለል የደነደነበት፣ መሐል መሐሉ ላይ ግን ድንጋይ የተሰገሰገበት። ድንጋዮቹ አይመሳሰሉም። አንዱ ግራናይት ነው፣ አንዱ ኳርትዛይት፤ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ሹል፤ አንዱ የእህል ፍሬ፣ አንዱ የሰው ራስ ያክላል። ወንዝ ያመጣው ደለል እንዲህ አይሆንም። ወንዝ ይመርጣል፤ ከባዱን ከባድ ጋር፣ ቀላሉን ቀላል ጋር ያስቀምጣል። ሁሉንም ባንድ ላይ ሰብስቦ፣ ሳይመርጥ አምጥቶ የሚጥል ግግር በረዶ ነው። ዋልተር ሃውቺን የሚባል የአደላይድ ሰው ይህ አለት የበረዶ ሥራ ነው ብሎ በ1901 ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። ማውሰን ግን ሕያው በረዶ እንዴት ድንጋይ እንደሚሸከምና እንደሚጥል በዓይኑ አይቶ የመጣ ሰው ነው። አንታርክቲካን አይቶ የአገሩን አለት አነበበ። ፍሊንደርስ ላይ ይህንኑ ንብርብር ተከታትሎ፣ በኋለኛ ዘመኑ ያ የበረዶ ዘመን ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ነበር ብሎ ተከራከረ። አህጉራት ከቦታ ቦታ እንደሚንቀሳቀሱ ሲታወቅ ክርክሩ ለጊዜው ተዳከመ፤ እሱ ካረፈ በኋላ በሌላ ማስረጃ ተነሥቶ ዛሬ ብዙዎች ይቀበሉታል። ያ ታላቅ የበረዶ ዘመን ስሙ ከዚህ ወንዝ የተወሰደ ነው።

አለቱን በእጄ እየዳሰስኩ ሳለ ልቤ መምታት ጀመረ። ይህን አለት አውቀዋለሁ። አራት ኪሎ ሳለን ለመስክ ትምህርት ትግራይ ወርደን፣ ከውቅሮ በላይ ነጋሽ ደርሰን ነበር። መስጊዱን አልፈን፣ መምህራችን አንድ ግራጫ አለት ፊት አቁመውን፣ «እንግዲህ ይህንን በረዶ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ» ብለውን ነበር። ያኔ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከኛ መሐል አንዱ «በረዶ እዚህ፣ ዶክተር?» ብሎ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ያው ደለል፣ ያው ያልተመረጠ ድንጋይ ድብልቅ። እዚህ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ እግሬ ሥር።

ሰኞ ሙዚየሙ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ከመስክ ደብተሬ ላይ የነጋሹን ፎቶግራፍ አውጥቼ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንሥተው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። አፋቸው ተከፍቶ ነበር።

«እናንተም ጋ አለ!» አሉ። በረዶ የጣለው ደለል ደንድኖ አለት ሲሆን የሚጠራበትን ስም ይዤ «ቲላይት ነው?» ብዬ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አነሡ። «ስሙን ቆይተሽ ትሰጪዋለሽ። ከሥሩ ምንድን ነው ያለው? ከላዩስ?»

«አላየሁትም።»

«ሰውየው ፍሊንደርስ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው እኮ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ሲከታተል ነው። አንድ አለት ብቻውን አይናገርም። ጠይቂ!»

የዚያኑ ዕለት ለመምህሬ አራት ኪሎ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በሳምንቱ መጣ። ከሥሩ ጥቁር ኖራ ድንጋይ ነው፤ ንብርብሩ እንደ ገበቴ ጎድጉዶ የታጠፈ ስለሆነና ይህ አለት እምብርቱ ላይ ስላለ ከላዩ የተረፈ የለም፤ ዕድሜውን በትክክል ያወቀ ሰው ገና የለም ይላሉ። ዕድሜው የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በተምቤን አካባቢ በዚያው የአለት ቤተሰብ ውስጥ ከተገኘ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ተለክቶ በ2018 በታተመው ጥናት፣ በረዶው እኛ አገር የደረሰው ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ተረጋገጠ፤ የስተርቱ በረዶ ዘመን የጀመረበት ያው ጊዜ ነው።

የመምህሬን መልስ ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። «ከላዩ ከሌለ፣ ታችኛውን በደንብ ለኪ» አሉኝና፣ የኖራ ድንጋዩን ናሙና ከየስንት ሜትሩ መውሰድ እንዳለብኝ ወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። የጥናቴን ርዕስ እንድቀይር አማካሪዬን ለመንኩ፤ ፈቀዱ። በሚቀጥለው ጥር ሜትር፣ ኮምፓስና አንድ ኩንታል ሙሉ የናሙና ከረጢት ይዤ ነጋሽ ወረድኩ፤ ከታች ጀምሬ።